ፀሐይ በማትወጣበት አገር ውሻን እንዴት አከረሙት?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ እዚያ ብርድ አገር ያንን የሚዘል ውሻ ቤት ዘግተው እንዴት ይችሉታል? ምን ሲያደርግ ይውላል?» ቀላል ጥያቄ ነው። የታሪክ መምህር ግን ቀላል ጥያቄ ሲጠየቅ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ካልተመለሰ አይሆንለትም። ይህን እናንተ ደህና አድርጋችሁ ታውቃላችሁ፤ ስንቴ ደወል ተደውሎ «ቲቸር ይብቃን» ብላችኋል። ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ረጅም ነው።

መጀመሪያ ቃል እናስተካክል። እኛ «ክረምት» ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የተጠበሰ በቆሎ ማለታችን ነው። እኔ ያለሁበት ሚኒሶታ «ዊንተር» የሚሉት ሌላ ጉድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትታየው ወደ 9 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጠልቃለች። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለዚህ ነው ለዚህ ዓይነቱ ወቅት ሁነኛ አማርኛ የሌለን። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ በደፈናው «ጨለማው» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ደግሞ ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሚኒሶታስ ደግ ነው፣ ፀሐይ ትወጣለች። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ወር ጨርሳ የማትወጣበት አገር አለ፤ አንታርክቲካ። ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ብዙ ውሻ ይዘው ከርመዋል። ውሾቹ ሶፋ ላይ የሚተኙ ዓይነት አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ በበረዶ ላይ ሸክም ሲጎትቱ ካልዋሉ እርስ በርስ የሚበላሉ ናቸው። የተማሪዬ ጥያቄ እዚያ በሕይወትና በሞት መካከል ተጠይቋል። መልሱንም ጽፈውልን ሄደዋል።

ነገሩን ግን ውሻ ካልነበረበት መርከብ ልጀምር።

ቤልጂካ የምትባል መርከብ ነበረች። አዛዧ አድሪየን ደ ዠርላሽ የተባለ የቤልጅግ ሰው ነው። በ1898 መጀመሪያ ላይ በአንታርክቲካ ባሕር ግግር በረዶ ያዛትና እንደ ሚስማር ቀረቀራት። በሜይ ወር አጋማሽ ፀሐይ ጠለቀች፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ገደማ አልተመለሰችም። ከዚያ በፊት በዚያ የዓለም ክፍል ጨለማውን ያሳለፈ ሰው አልነበረም። ዝግጅታቸው ደካማ ነበር፤ የብርድ ልብስ እንኳን ለሁሉም አልበቃም። ትኩስ ሥጋ መብላት እምቢ ብለው የቆርቆሮ ምግብ ሲበሉ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ገባባቸው። ከሥጋው ይልቅ ግን የታመመው መንፈሳቸው ነው። ዳንኮ የተባለው መኮንን በጁን ወር በልብ ሕመም ሞተ፤ ሌሎች አእምሯቸው ተናወጠ። ሐኪማቸው ፍሬደሪክ ኩክ እንዲንቀሳቀሱ ብሎ በመርከቧ ዙሪያ በረዶው ላይ በየቀኑ እንዲዞሩ አዘዘ። ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ መመለስ፣ በቃ። መርከበኞቹ ለዚያ ጉዞ ያወጡለት ስም «የእብዶች ቤት ሽርሽር» የሚል ነው።

መርከቧ ላይ አንዲት እንስሳ ነበረች፤ ናንሰን የምትባል ድመት። በጨለማው መካከል እሷም ተለወጠች፤ ጥግ ይዛ ዝም አለች፣ የሚያባብላትን ሰው ተቆጣች፣ ከዚያም ሞተች። ኩክ በማስታወሻው የእሷን ሞት ከሰዎቹ ጤና ጋር አንድ ላይ ነው የሚያነሣው። የድመቷ ሞት ለእነሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

እዚያች መርከብ ላይ ሁሉን ነገር የሚታዘብ የ25 ዓመት ኖርዌጂያዊ መኮንን ነበር። ስሙ ሮአልድ አሙንድሰን።

አሁን 13 ዓመት እንዝለል። አሙንድሰን በ1911 መጀመሪያ ወደ አንታርክቲካ ሲመለስ ያሰበው ደቡብ ዋልታ ላይ ማንም ሳይቀድመው ለመድረስ ነው። ፍራም በምትባለው መርከብ ላይ ከኖርዌይ የጫነው 97 የግሪንላንድ ውሻ ነበር። ሲደርስ ቆጠራቸው፤ 116 ሆነዋል። መንገድ ላይ ወልደዋላ! መንገዱ ደግሞ አምስት ወር የፈጀ፣ የምድር ወገብን የሚያቋርጥ ነው። የበረዶ አገር ውሻ በዚያ ሙቀት መርከብ ላይ ሲታሰብ ይታያችሁ። አሙንድሰን ምን አደረገ? በመርከቧ ወለል ላይ ሌላ የጣውላ ወለል አስነጠፈ፤ ውሾቹ ከሥራቸው አየር እንዲያገኙና በውሃ እንዳይርሱ። ላያቸው ላይ የፀሐይ መከለያ ዘረጋ። ለእያንዳንዱ መርከበኛም የራሱን ውሾች ደለደለለት፤ የሚያበላቸው፣ የሚያጥብላቸው፣ ሲታመሙ የሚጠየቀው እሱ ነው። የውሾቹ ጉዳይ «የሁላችን ነው» ተብሎ አልተተወም። የሁላችን የሆነ ነገር የማንም እንደማይሆን ከቀበሌ ስብሰባ እናውቀዋለን።

እዚህ ላይ አሙንድሰን በመጽሐፉ የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ውሾቹ ለሳምንታት በሰንሰለት ከታሰሩ በኋላ እንፍታቸው ተባለ። እንዳይናከሱ አፋቸውን በመሸበቢያ ሸበቧቸውና ፈቷቸው። ውሾቹ ንቅንቅ አላሉም። መንቀሳቀስ እንደሚቻል ረስተውታል፤ እያንዳንዱ የታሰረበት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ቆይቶ አንዱ መፈታቱ ገባውና ተነሣ፤ ከዚያ በኋላማ መርከቡ በአንድ እግሩ ቆመ። ድብድቡ ሌላ ነው፣ ግን አፋቸው ስለተሸበበ ከፀጉር በቀር የሄደ ነገር የለም። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው ስለ ውሾቹ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያው ጨለማ፣ ከሌሊት ሥራ መልስ መጋረጃ ዘግቼ ስተኛ፣ ከሥራ ነፃ በሆንኩበት ቀን እንኳ ከአልጋው መነሣት እንደሚቻል የረሳሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። ስንቶቻችሁ እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ በስልክ «ደህና ነኝ» እያላችሁ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዌልስ በሚባለው የባሕር ሰላጤ ፍራምሃይም ያሉትን ቤት ሠሩ። ቤቱ ለ9 ሰው ነው። ለውሾቹ ትልልቅ ድንኳን ተከሉ፤ ወለሉን ወደ በረዶው ውስጥ ቆፍረው አጠለቁት፣ ነፋስ እንዳያገኛቸው። በእያንዳንዱ ድንኳን ደርዘን ያህል ውሻ ያድራል። ምግባቸው የደረቀ ዓሣና የአቆስጣ ሥጋ ነው (ኦሪት ዘጸአት ላይ ቁርበቱ የተጠቀሰው አቆስጣ)። በኤፕሪል ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ፀሐይ ጠለቀች። በእኛ ሚያዝያ 1903 መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ራስ ተሰማ ናደው ያረፉበትና ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት የቀሩበት ወር። ፀሐይዋ የተመለሰችው በኦገስት መጨረሻ ነው። አራት ወር!

ጨለማውን ያሳለፉበት ዘዴ እንዲህ ነው። ሰዎቹ ከቤታቸው ዙሪያ በረዶውን ከሥር ፈልፍለው ክፍል ክፍል አወጡበት፤ አናጢ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። ብያላንድ የተባለው አናጢ ጨለማውን ሙሉ የበረዶ ጋሪዎቹን እየላገ ክብደታቸውን ሲቀንስ ከረመ። ውሾቹስ? ቀን ቀን ይፈታሉ። ጨለማም ቢሆን «ቀን» የሚባል ነገር በሰዓት ተወስኗል። ግርግሩ፣ ልፊያው፣ የቆሻሻ ክምር ፍተሻው፣ የፍቅር ጣጣው ሁሉ ያኔ ነው። ሲመሽ (አሁንም በሰዓት ነው የሚመሸው) እያንዳንዱ ሰው ፋኖሱን ይዞ ይወጣና የራሱን ውሾች ለቅሞ ወደ ራሱ ድንኳን ያስገባል፣ ያስራል፣ ያበላል።

እኛ አገር የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ነው የሚፈታው። እነሱ ጋ በተቃራኒው ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ውሻው መቼ እንደሚፈታ ያውቃል፣ ሲፈታም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አያቴ ግቢ የነበረው ውሻ ማንም «ያጫወተው» አልነበረም። ኳስ አላየም። ነገር ግን ሌሊት ጅብ ነበር፣ ሌባ ነበር፣ የጎረቤት ውሻ ነበር፤ ሲነጋጋ ሥራውን የጨረሰ ሰው ይመስል እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ቤት ውስጥ የተዘጋ ውሻ ጫማ የሚበላው በባለጌነት አይመስለኝም። ሥራ ፈትቶ ነው።

ይህን ስል ግን አሙንድሰንን ቅዱስ እንዳላደርገው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ቸኩሎ ጉዞ ጀመረና ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ የውሾቹ መዳፍ እየቆሰለ፣ አንዳንዶቹም እየሞቱ ተመልሷል። በኦክቶበር በ5 ሰው፣ በ4 ጋሪና በ52 ውሻ እንደገና ተነሣ። ዲሴምበር 14 ቀን 1911፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1904፣ ዋልታው ላይ ደረሰ። ዳገቱን ከወጡ በኋላ ግን፣ ዋልታው ላይ ሳይደርሱ፣ 24ቱን ውሾች ተኩሰው ገደሏቸው። አስቀድሞ የታሰበበት ነው፤ የቀሩት ውሾችና ሰዎቹ ሥጋውን በሉት። ቦታውን ራሳቸው «ሥጋ ቤት» አሉት። እያንዳንዱ ሰው የገደለው የራሱን ውሾች ነው፤ በጨለማው ወር ፋኖስ ይዞ ሲያስገባቸው፣ ስማቸውን ሲጠራ የከረመውን። ከ52ቱ ወደ ፍራምሃይም የተመለሱት 11 ናቸው። አሙንድሰን ይህን አልደበቀም፤ እንደከበደውም ጽፏል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ዋልታ ያስረገጠው ድል ስንት እንደተከፈለበት ያውቃል። እኔ ክፍል ውስጥ «አሙንድሰን ስኮትን የቀደመው በውሻ ነው» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተምሬያለሁ፤ መማሪያ መጽሐፉም ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ታሪክ የኧርነስት ሻክልተን ነው። ኢንዱራንስ በምትባል መርከብ 28 ሰዎች ሆነው ሄዱ። ከካናዳ የመጡ 69 ውሾችን ቦነስ አይረስ ላይ ጫኑ። በጃንዋሪ 1915 ዌዴል ባሕር ላይ በረዶ ያዛቸው። አሁን ዕቅዱ ሁሉ ፈርሷል። ውሾቹ የመጡበት የአህጉር ማቋረጥ ጉዞ የለም። መርከብ ላይ የተዘጋ ስልሳ ምናምን ውሻና ምንም የሚጎተት ነገር የሌለበት ጨለማ! የተማሪዬ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው።

መጀመሪያ ውሾቹን ከመርከቡ አውርደው በረዶው ላይ ቤት ሠሩላቸው፤ ከበረዶ ጡብ። እስኪሞዎች የበረዶ ቤታቸውን «ኢግሉ» ይሉታል፤ እነዚህ ደግሞ «ዶግሉ» አሉት፣ የውሻ ኢግሉ እንደማለት። መርከቡ ላይ አሳማም ስለነበረ የአሳማው ቤት «ፒግሉ» ተባለ። ሥራ የፈታ መርከበኛ ሲገነባ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ የማን ቤት አማረ የሚል ፉክክር ተነሣ። ውሾቹ ብዙውን ጊዜ ቤታቸው ውስጥ መግባቱን ትተው ደጁ ላይ በረዶው ውስጥ ይተኙ ነበር። ቤቱን የፈለጉት ሰዎቹ ናቸው እንጂ ውሾቹ አይደሉም።

ከዚያ ውሾቹ በ6 ቡድን ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ኃላፊ። ፍራንክ ዋይልድ፣ ቶም ክሪን፣ ሐኪሞቹ ማክሊንና ማክልሮይ፣ ሠዓሊው ማርስተን፣ ፎቶ አንሺው ኸርሊ። የት እንደሚሄዱ ሳይኖር ውሾቹን በየቀኑ ጠፍር አልብሰው ማሠልጠን ጀመሩ። አንዳንዴ በጨረቃ ብርሃን ነው የሚሮጡት። ጁን 15 ቀን 1915፣ በጨለማው እምብርት፣ የእሽቅድምድም ቀን ተቆረጠ። «የአንታርክቲካ ደርቢ» አሉት። 640 ሜትር ገደማ በምትሆን መንገድ ቡድኖቹ በየተራ ተለቀቁ፤ ሰዓት ተያዘ። ሰዎቹ በቸኮሌትና በሲጋራ ተወራረዱ። ያሸነፈው የዋይልድ ቡድን ነው፤ 2 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አስቡት፤ ከመርከቧ የሚያድናቸው የለም፣ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፣ ቀትር ላይ እንኳ ድንግዝግዝ ነው፤ እነሱ ግን የኸርሊ ውሻ ነው የዋይልድ ውሻ የሚበልጠው እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

አሁን ቤልጂካን አስታውሱ። ያኛዎቹም በየቀኑ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሐኪም አዟቸዋል። ዙሪያውን ዞሩ፣ እየተጠሉ ዞሩ። የኢንዱራንስ ሰዎች የሄዱት ርቀት ከዚያ ብዙም አይለይ ይሆናል። ልዩነቱ ገመዱ ጫፍ ላይ «እንሂድ!» የሚል ነገር መኖሩ ነው። የምግቡና የዝግጅቱ ልዩነት ትልቅ እንደሆነ አልክድም፤ የታሪክ ሰው አንድ ምክንያት ብቻ ይዞ አይሮጥም። ሆኖም ማስታወሻዎቻቸውን ስታነቡ የቤልጂካዎቹ ስለ ራሳቸው ነው የሚጽፉት፤ ስለ ልባቸው ምት፣ ስለ እንቅልፋቸው። የኢንዱራንሶቹ ስለ ውሻ ይጽፋሉ፤ የትኛው ሰነፍ ነው፣ የትኛው ቀናተኛ ነው፣ ማን ከማን ተጣላ። ጨለማ ውስጥ ስለ ሌላ ፍጥረት ማውራት ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉ ነገር ግን ሠርግና ምላሽ አልነበረም። ከውሾቹ ብዙዎቹ በወስፋት ሞቱባቸው። የወስፋት መድኃኒት ከአገራቸው ሲነሡ ረስተውት መጥተዋል! ያ ሁሉ ጓዝ ተጭኖ። በሌላ በኩል ሳሊ የምትባለው ውሻ ወለደችና ክሪን፣ ያ ግዙፍ የአየርላንድ ባሕርተኛ፣ የቡችሎቹ ሞግዚት ሆነ። ኸርሊ ያነሣው ፎቶ አለ፤ ክሪን አራት ቡችላ ታቅፎ። የዚያ ዘመን የዋልታ ፎቶዎች ውስጥ እንደሱ የምወደው የለም። ሰውየው ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው፣ ክንዱ ግን እንደ እናት።

ኦክቶበር 1915 ላይ በረዶው መርከቧን ሰባበራት። ሰዎቹ በረዶው ላይ ወረዱ። በወሩ መጨረሻ ሻክልተን ጋሪ መጎተት የማይችል እንስሳ እንዲገደል አዘዘ፤ ሦስቱ ታናናሽ ቡችሎች፣ የማክሊን ትንሹ ውሻ፣ የአናጢው ድመት። ሻክልተን ራሱ ማክሊን፣ ክሪንና አናጢው ሐዘኑ እንደጠናባቸው ጽፏል። ሌሎቹም በየተራ ተከተሉ። እስከ ኤፕሪል 1916 መጀመሪያ ድረስ አንድም ውሻ አልቀረም። ሰዎቹ ግን 28ቱም በሕይወት ወጡ፤ ዓለም የሚያውቀው ይህን ነው። ስለ ሻክልተን አመራር የሚያሠለጥኑ ሰዎች «አንድም ሰው አልሞተበትም» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ስለ ውሾቹ አስባለሁ። ትእዛዙ ስህተት ነበር ለማለት አይደለም፤ ምግቡ ለሰውም አይበቃም ነበር። ግን ያንን ጨለማ ያሻገሯቸው ማን ሆኑና ነው?

አንድ የቤት ውሻ ታሪክ ልጨምርላችሁ፤ ይህኛው በእርግጥ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ የከረመ ነው። በ1926 መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ አንዲት ሴት ከመንገድ ያነሣችውን ነጭ ፎክስ ቴሪየር ሪቻርድ ቤርድ ለተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ሰጠችው። ስሙን ኢግሉ አለው። ፎክስ ቴሪየር ማለት ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጣ የተዳቀለ፣ ትንሽ፣ አንድ ደቂቃ የማያርፍ ውሻ ነው። ያ የመንገድ ውሻ በዚያው ዓመት ከቤርድ ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ሄደ። በ1928 ደግሞ ወደ አንታርክቲካ። የ1929ን ጨለማ በረዶ ውስጥ በተቀበረው «ሊትል አሜሪካ» ሰፈር ከሰዎቹ ጋር አሳለፈ። ትልልቆቹ የጋሪ ውሾች አንድ ሙሉ እጥፍ ይበልጡታል፤ እሱ ግን ይተናኮላቸዋል። በ1931 ሞተ። ቦስተን አጠገብ ዴድሃም በሚባል ቦታ በእንስሳት መቃብር አርፏል፤ ሐውልቱ የበረዶ ተራራ ቅርጽ አለው፣ ከጓደኛም በላይ እንደነበረ ተጽፎበታል። «ውሻን ቤት ማስገባት የዛሬ ፈረንጅ ያመጣው ቅብጠት ነው» ለምትሉኝ፣ ጃንሆይም ሉሉን ቤተ መንግሥት ነው ያኖሯት እላችኋለሁ።

እሺ፣ ወደ እኔ ቤት። ቡቺ ግማሹ ሀስኪ ነው፤ ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅ። ልጄ ከመጠለያ አመጣችው፣ ከዚያ ኮሌጅ ገባችና ሄደች፣ ውሻው እኔ ጋ ቀረ። (ይህ ነገር የደረሰባችሁ ወላጆች እጃችሁን አውጡ።) ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን መዳፉን ስለሚያቃጥለው በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ አለብን። የቀረው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው። ከእነዚያ መርከበኞች የወሰድኩትን ልንገራችሁ።

ምግቡን በሳህን ሰጥቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። አሮጌ ፎጣ ላይ በትኜ ጠቅልዬ እቋጥረዋለሁ፣ እሱ ይፍታ። ወይም የካርቶን ሳጥን ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ሞልቼ ከሥሩ እደብቅለታለሁ። ወይም እሱን መታጠቢያ ቤት ዘግቼ ሥጋዋን ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ በየክፍሉ እደብቅና «ፈልግ!» እለዋለሁ። ውሻ ዓለምን የሚያነበው በአፍንጫው ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያሸተተ ውሻ ከአንድ ሰዓት ሩጫ ያላነሰ ይደክማል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ኮንግ የሚባለውን የጎማ መጫወቻም ገዝቼለታለሁ፤ ውስጡ ምግብ ጠቅጥቄ በረዶ ቤት አስቀምጥና እሰጠዋለሁ። የእሱም ታሪክ ያስቃል። ድርጅቱ እንደሚናገረው በ1970ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ ጆ ማርክሃም የተባለ ሰው ፍሪትዝ የሚባል ጡረታ የወጣ የፖሊስ ውሻ ነበረው። ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ጨረሰ። ሰውየው የፎልስዋገን መኪና ሲጠግን ከሥሯ የነቀላትን ጎማ ውሻው አንስቶ አልለቅም አለ። ጡረታ የወጣ ፖሊስ ድንጋይ ሲያኝክ፤ ሥራ መፍታት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ዋናው ግን ጋሪያችን ነው። እኛ ሕንጻ ላይ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ለቡቺ ደረቱ ላይ የሚታሠር ጠፍር ገዛሁና የልብስ ቅርጫቱን በገመድ አሠርኩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ጎትቶ ይወስዳል፣ ጎትቶ ይመልሳል። የመጀመሪያ ቀን ጎረቤቶቼ በር ከፍተው ሳቁ። አሁን አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ የእሷንም ቅርጫት ትሰጠዋለች። ቅርጫቱን ሲጎትት ጅራቱን አይታችሁት ቢሆን! ትእዛዙ በአማርኛ ነው፤ «ና»፣ «ቆይ»፣ «ፈልግ»፣ «በቃ»። በእንግሊዝኛ የሚያዝዘው ሰው ሲያጋጥመው ዞር ብሎ እኔን ያያል፣ አስተርጉምልኝ እንደማለት።

ሰዓቱም አለ። ከሌሊት ሥራ ስመለስ ገና ጨለማ ነው፤ ቡቺ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ዘግቼ ቀኔን አልጋ ላይ የጨረስኩበት ቀን የለም፤ ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም፣ አይፈቀድልኝም። ቡቺን እኔ አከርመዋለሁ እያልኩ ለሰው አወራለሁ እንጂ ማን ማንን እንደሚያከርም ለእናንተ እተወዋለሁ።

የአንታርክቲካ ውሾች መጨረሻ ምን ሆነ? በ1991 ማድሪድ ላይ በተፈረመው የአካባቢ ጥበቃ ስምምነት መሠረት ከውጭ የገባ እንስሳ ከአህጉሩ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ለውሾቹ የተሰጠው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 1994 ነበር። አንዱ ምክንያት የውሻ በሽታ ወደ አቆስጣዎቹ እንዳይተላለፍ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ሞተር ጋሪው ከገባ ቆይቷል፣ ሥራቸውም አልቆ ነበር። እንግሊዞች የመጨረሻዎቹን ውሾቻቸውን በፌብሩዋሪ 1994 አስወጡ። አውስትራሊያኖቹ ሞውሰን በሚባለው ጣቢያቸው ከ1954 ጀምሮ ያረቧቸውን ውሾች ያስወጡት ቀደም ብለው ነው። አርጅተው ሥራ የማይችሉትን ወደ አውስትራሊያ ወሰዷቸው። ጉልበት የነበራቸውን ግን ሙቀት አገር ግቢ ውስጥ ማሰር ግፍ ነው ብለው ጋሪ የሚጎትቱበት ቦታ ፈለጉላቸው።

በ1992 የተገኘላቸው ቦታ ኢሊ ትባላለች፤ በካናዳ ድንበር ያለች ትንሽ ከተማ፣ ከእኔ ቤት በመኪና 4 ሰዓት ገደማ። ሚኒሶታ ውስጥ ነው። ወጣቶችን በበረዶ ላይ ጉዞ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተቀብሏቸው ጋሪ ሲጎትቱ ኖሩ። ዛፍ አይተው የማያውቁ ውሾች ነበሩ፤ ጫካ ውስጥ ገቡ።